ጦርነቱ ከየትኛው ቀን ይቆጠር? የሱዳን ዜናና ከዜናው የሚቀረው ነገር

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት አንድ ነገር በጣም ስላሳሰበኝ ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። የኛን ስጠቀም ዓ.ም. እላለሁ።

የሱዳን ዜና በአማርኛ ስትሰሙ መጨረሻ ላይ የምትመጣውን አንቀጽ አስተውላችኋል? ሁልጊዜ አንድ ናት። ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው በጦሩ አዛዥ በጄኔራል አብዱልፈታህ አል ቡርሃንና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መሪ በጄኔራል መሐመድ ሃምዳን ዳጋሎ (ሄሜቲ) መካከል በተነሳ የሥልጣን ሽኩቻ ነው ትላለች። ከዚያ የተፈናቃዩ ብዛት ይነገራል። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው። ከዚያ ወደ ሌላ ዜና ይታለፋል።

አንቀጿ ውሸት የለባትም። እኔን የሚያስጨንቀኝ የምትነሳበት ቀን ነው። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተነሳን የተጣሉ ሁለት ሰዎች ብቻ ይታዩናል። ከ2013 ከተነሳን ፈጥኖ ደራሹን ማን እንዳቋቋመው እናያለን። የኦማር አልበሽር መንግሥት ነው። በ2017 በፓርላማ ሕግ ያጸናውም እሱ ራሱ ነው። ከ2003 ከተነሳን የምዕራብ ሱዳኗ ዳርፉር ትመጣለች፣ መንግሥት እዚያ ያስታጠቀው ሚሊሻ ጃንጃዊድ ይመጣል። ወደ 1980ዎቹ ከወረድን ደግሞ ካርቱም በደቡቡ ጦርነት ከብት አርቢዎችን አስታጥቃ በጎረቤቶቻቸው ላይ ስታሰማራ እናገኛታለን። መደበኛ ጦር ማሰልጠን ውድ ነው። ሚሊሻ ርካሽ ነው። የካርቱም መንግሥታት ይህን ስሌት ለአርባ ዓመት ሲሠሩበት ኖረዋል። ሄሜቲ የመጣው ከዚያ ስሌት ነው።

ይህን የማነሳው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። አንቀጿ የሰላሙንም መንገድ የምትወስን ስለሚመስለኝ ነው። በግንቦት 2023 በሳዑዲና በአሜሪካ አሸማጋይነት ጅዳ ላይ ንግግር ሲጀመር የተጠሩት ሁለት ወገኖች ናቸው። ጦሩና ፈጥኖ ደራሹ። በታኅሣሥ 2018 የዳቦ ዋጋ ሲወደድ አትባራ ላይ አደባባይ የወጣው ሕዝብ፣ በሚያዝያ 2019 ሠላሳ ዓመት የገዛውን አልበሽርን ያስወረደው ሕዝብ፣ ወንበር አልነበረውም። ጸቡ የሁለት ሰው ነው ካልን መፍትሔውም ሁለቱን ማስታረቅ ይሆናል። በጥቅምት 2025 የሰሜን ዳርፉር ዋና ከተማ ኤል ፋሽር በፈጥኖ ደራሹ እጅ ስትወድቅ ሰዎች በጎሳቸው እየተለዩ የተገደሉት ግን በሁለት ጄኔራሎች ሽኩቻ ብቻ አይገለጽም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ዜና ባለችው ጠባብ ቦታ የጦርነትን ሥር እንዴት ትናገር? ሥሩስ የቱ ነው?

ከዚህ በኋላ የተባለው

ክሩ ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። ዘግይታችሁ ለመጣችሁ የተባለውን በተራ ቁጥሩ፣ በራሴ ቃል አስቀምጣለሁ። ፍሬ አለው ያልኩት ላይ ቆየት እላለሁ።

ምላሽ 1። አመስግኖ ጀመረ። ሐሳቡን እንደሚደግፍ ገልጾ፣ ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚለውን የአባቶች አባባል አስታወሰ።

ምላሽ 2። በትህትና፣ ግን ጠንከር ብላ ተቃወመችው። አባባሉ ራሱ የዚያች አንቀጽ ወንድም ነው አለች። የሱዳን ሕዝብ ዝም ብሎ የተረገጠ ሣር አይደለም። በየሰፈሩ የተቃውሞ ኮሚቴ ያቋቋመ ሕዝብ ነው። ጦርነቱ ከመጣ በኋላም እነዚያው ወጣቶች የአደጋ ጊዜ ክፍሎች አቋቁመው በየሰፈሩ ነጻ ማዕድ ቤት ከፍተዋል፣ ቁስለኛ አጓጉዘዋል። ዜናው ግን ተጎጂ ሲሆኑ ብቻ ያነሳቸዋል። ምላሽ 1 ወዲያው ተመልሶ መጥቶ ተቀበላት። እንዲህ ያለ ጨዋነት ደስ ይላል።

ምላሽ 3። ይህ ለኔ ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው ነው። ጸሐፊው ለዓመታት በአንድ የአማርኛ ዜና ክፍል የሠራ ሰው ነው። አንቀጿ እንዴት እንደምትወለድ ነገረን። የዜና ወኪሎች ዘገባ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ተርጓሚው ደቂቃዎች አሉት። የላይኛው አዲስ ስለሆነ በጥንቃቄ ይተረጎማል። የታችኛው፣ የኋላ ታሪኩ፣ ከትናንቱ ፋይል ይገለበጣል። የትናንቱም ከትናንት ወዲያው ተገልብጧል። ሰዓት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ከታች ነው። ስለዚህ የተረፈችው አንቀጽ ለመቆረጥ የማትመች፣ አጭሯ ናት።

ሁለተኛ ነገር ጨመረ። ሥር የሚባለውን ስትጽፍ ከብዙ ሥሮች አንዱን መምረጥህ ነው። ዳርፉርን ካነሳህ አንዱ ወገን ይደውላል። በ2021 የተደረገውን መፈንቅለ መንግሥት ካነሳህ ሌላው ይደውላል። የሥልጣን ሽኩቻ ማለት ግን ማንንም አያስደውልም። ሁለቱንም እኩል ስለምትወቅስ ሚዛናዊ ትመስላለች። በሱ እምነት ሴራ የለም። ችኮላና ፍርሃት ነው ያለው።

ምላሽ 4። ይሄኛው ቆጣ ብሎ ገባ። ለምላሽ 3 የሰጠው መልስ፣ ሰበብ አታብዛ የሚል ነው። ለአንድ ተጫዋች ዝውውር ሙሉ ፕሮግራም የሚሰጥ ጣቢያ ለጎረቤት አገር ጦርነት ሁለት ደቂቃ ብቻ አለኝ ማለት አይችልም አለ። አነጋገሩ ሸካራ ነው። ነጥቡ ግን ትክክል ነው። ምላሽ 3ም አልተጣላውም።

ምላሽ 5። እህታችን ካርቱም ውስጥ፣ ሐበሻ በሚበዛበት በዴም ሰፈር ኖራለች። ጦርነቱ የጀመረ ዕለት ቅዳሜ ነበር፣ የፋሲካ ዋዜማ። ለኛ ጾሙ ሊፈታ ነው። ለጎረቤቶቿ ደግሞ የረመዳን መጨረሻ ሳምንት ነው። ዶሮዋን አዘጋጅታ ተኩሱ ጀመረ። ብዙዎቻችሁ ይህን አንብባችሁ አልቅሳችኋል፣ እኔም። እሷ ግን የጻፈችው ለልቅሶ አልነበረም።

ልትነግረን የፈለገችው ጎረቤቶቿ ነገሩን አስቀድመው ያውቁት እንደነበር ነው። ከማፍጠሪያ በኋላ ሻይ ላይ የሚወራው እሱ ነበር። ፈጥኖ ደራሹ ወደ ጦሩ ይዋሃድ ሲባል ጦሩ በሁለት ዓመት ይጠናቀቅ እንዳለ፣ ሄሜቲ ደግሞ አሥር ዓመት እንደጠየቀ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያወራው ነበር። ከዚህም በላይ፣ ሁለቱ ሰዎች ጠላት ከመሆናቸው በፊት ሸሪክ እንደነበሩ ማንም አልረሳም። በሰኔ 3 ቀን 2019 በጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጦ የነበረው ወጣት ሲጨፈጨፍ አል ቡርሃን የወታደራዊ ምክር ቤቱ መሪ፣ ሄሜቲ ምክትሉ ነበሩ። በጥቅምት 25 ቀን 2021 የጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሃምዶክን የሲቪል መንግሥት የገለበጡትም አብረው ነው። ስለዚህ የካርቱም ጎረቤቶቿ ነገሩን ሲገልጹት፣ ሁለቱ በሕዝቡ ላይ ተባብረው ከጨረሱ በኋላ በዘረፋው ተጣሉ ይሉ ነበር። በገላባት በኩል መተማ ገብታ ሬዲዮ ስትሰማ ግን የሁለት ጄኔራሎች ሽኩቻ ሆኖ አገኘችው። በመሃል ያለው ሸሪክነት ጠፍቷል።

እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ ክር አንድ ምላሽ ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህንን ያንብብ።

ምላሽ 6። ሁሉም ነገር ዐረብ በአፍሪካዊ ላይ የከፈተው ጦርነት ነው፣ ሌላው ዝርዝር ማምታቻ ነው አለ። በአጭሩና በእርግጠኝነት።

ምላሽ 7። በዕርዳታ ሥራ ዳርፉር ውስጥ ብዙ ዓመት የቆዩ አባት ናቸው። ምላሽ 6ን ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። አንቱ የሚያስብል አጻጻፍ አላቸው። ዐረብና አፍሪካዊ የሚለው አከፋፈል በ2004 በየዓለሙ ጋዜጣ የተስፋፋ ነው አሉ። መሬት ላይ ግን ሁሉም ሙስሊም ነው፣ ሁሉም ጥቁር ነው፣ በጋብቻ የተሳሰረው ብዙ ነው። አከፋፈሉ ከንቱ ነው አላሉም። ታጣቂዎቹ ሲገድሉ የሚሰድቡበት ስድብ እሱ እንደሆነ፣ በ2023 በምዕራብ ዳርፉር ኤል ጄኔይና ከተማ ላይ የማሳሊት ጎሳ ሰዎች የተገደሉትም ማሳሊት በመሆናቸው እንደሆነ ጽፈዋል። ነገር ግን ይህ ጥላቻ ከሰማይ አልወረደም።

ከዚያ መሬቱን አስረዱን። ዳርፉር እስከ 1916 ራሷን የቻለች ሱልጣኔት ነበረች። ሱልጣኖቹ ለጎሳ መሪዎችና ለሹማምንት መሬት ይሰጡ ነበር፣ ሃኩራ ይባላል። የሰሜን ዳርፉር ግመል አርቢዎች ግን ብዙዎቹ የራሳቸው ሃኩራ አልነበራቸውም። ዝናብ እስካለ ድረስ ችግር የለም። ግመሉ በእርሻው ዳር ያልፋል፣ ከመከር በኋላ ቃርሚያውን ይግጣል፣ ጸብ ቢነሳ ሽማግሌ ይዳኛል። በ1970 ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው የሚል ሕግ ወጣ። በ1971 የያኔው ፕሬዝዳንት የኒሜሪ መንግሥት ባህላዊውን የጎሳ መሪዎች አስተዳደር አፈረሰ። ዳኛው ጠፋ። በ1983 እና 84 ድርቁና ረሃቡ መጣ። በዚያው ዘመን ከቻድና ከሊቢያ ጦርነት የተረፈ መሣሪያ ወደ ዳርፉር ጎረፈ። በ2003 ዐመፅ ሲነሳ ካርቱም መሬት ወደሌላቸው ሰዎች ሄዳ መሣሪያና ደመወዝ ሰጠቻቸው። ሄሜቲ የወጣው ከነዚያ ግመል አርቢዎች፣ ከማሃሪያ ሪዜጋት ነው።

እኚህ አባት የጻፉት ረጅም ነው። አንዳንዶቻችሁ በዝቷል ብላችኋል። እኔ ግን አንድም መስመር የሚቆረጥ አላየሁበትም።

ምላሽ 8። ከምላሽ 7 ድርቁን ብቻ ይዞ ተነሳ። እንግዲያው እውነተኛው ሥር የአየር ንብረት ለውጥ ነው አለ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ባን ኪ ሙን በ2007 በአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ላይ ዳርፉርን በዚህ መልክ ማስረዳታቸውን አስታወሰ። እውነት ነው፣ ጽፈዋል።

ምላሽ 9። የክሩ አቅጣጫ የተለወጠው እዚህ ጋር ነው። ጸሐፊዋ የሕግ ባለሙያ ትመስለኛለች። በረሃ ክላሽ አያድልም፣ በረሃ አውሮፕላን አያስነሳም አለች። ድርቁ በዙሪያው ባሉ አገሮችም ነበር፣ ሁሉም ጋር እልቂት አልመጣም። ከድርቁና ከእልቂቱ መካከል ትእዛዝ የሰጡ ሰዎች አሉ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2009 በአልበሽር ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ። በጥቅምት 2025 ደግሞ አሊ ኩሻይብ በሚል ስም የሚታወቀውን የጃንጃዊድ መሪ በ27 ክሶች ጥፋተኛ አለው፣ በኋላም 20 ዓመት ፈረደበት። ፍርድ ቤቱ የከሰሰው ዝናቡን አይደለም።

ለኔም ጥያቄ ነበራት። ሥሩን ፍለጋ ስንቆፍር ገዳዩ በታሪኩ ውስጥ እንዳይሟሟ ምን እናድርግ? መንስኤው ጥልቅ ነው ስንል፣ ጥፋተኛ የለም ማለት እንዳይሆን። እኔ ለዚህ የሰጠሁት መልስ፣ ምክንያትና ተጠያቂነት አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይግቡ የሚል ነው። ድርቁ ሰዎችን ወደ አንድ ኩሬ ገፋ፣ መንግሥት ግን ከመካከላቸው አንዱን መርጦ አስታጠቀ። ሁለቱም አሉ። ማን ምን እንዳደረገም አለ።

ምላሽ 10። የውጭ እጅ ነው አለ። ወርቅ ነው፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ነች፣ አለቀ።

ምላሽ 11። ዱባይ የምትሠራ እህት ናት። ምላሽ 10ን በከፊል ደገፈችው፣ ቅደም ተከተሉን ግን አስተካከለች። በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ካርቱም ከነዳጇ ሦስት አራተኛ ያህሉን አጣች። የወርቁ ጥድፊያ የመጣው ያኔ ነው። ሄሜቲ በ2017 በሰሜን ዳርፉር የጀበል አሚርን የወርቅ ማውጫ ያዘ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የሱዳን ተዋጊዎች በየመን ጦርነት እየተከፈላቸው ሲዋጉ ነበር። ስለዚህ የውጭው ገንዘብ የመጣው ከውስጥ የተዘጋጀ ተቀባይ ሲያገኝ ነው። የሱዳን ወርቅ ዋና መዳረሻ ኤምሬትስ መሆኗን፣ አገሪቱ ፈጥኖ ደራሹን አስታጥቃለች የሚለውን ክስ ግን እንደምትክድ፣ ሱዳን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ያቀረበችው ክስም በግንቦት 2025 በሥልጣን ማነስ ምክንያት ከመዝገብ መውጣቱን ሁሉንም ጻፈች። በምትኖርበት አገር ሆና ይህን ያህል በጥንቃቄ መጻፏን አከብራለሁ።

ምላሽ 12። ለምን አንድ አገር ብቻ ይወቀሳል፣ ግብፅስ፣ ለጦሩ ድሮን የሰጠችው ኢራንስ ብሎ ተቆጣ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አከታትሎ ምላሽ 11ን በማይገባ ቃል ተናገራት። ምላሽ 13 እና 14 ከዚያ የባሱ ስለነበሩ አወያዮቹ አጠፏቸው።

ምላሽ 15። ነገሩን ወደ ባድመ ወሰደው። ወንድሙን በዚያ ጦርነት ያጣ ሰው ነው። ከግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. በኋላ የውጭ ጋዜጦች ጦርነቱን ሁለት ራሰ በራዎች ለማበጠሪያ ሲጣሉ እንደማለት አድርገው ይገልጹት እንደነበር አስታወሰ። ለአንድ የአፈር ቁራጭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ ተባለ። ከጀርባ የነበረውን፣ ኤርትራ በ1997 የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ስታወጣ በንግዱ ላይ የተነሳውን ክርክር፣ የአሰብን ጉዳይ፣ ሁለቱ ግንባሮች ከትግሉ ዘመን ይዘውት የመጡትን ቂም የጻፈ ጥቂት ነው አለ። ወንድሙን እንደ ሞኝ የሞተ አድርጎ መስማት እስከዛሬ ያመዋል።

ምላሽ 16። ኤርትራዊ ነኝ አለ። ሐዘኑን ተካፍሎ፣ እሱም አጎቱን እንዳጣ ጻፈ። ቀጥሎ ግን የውጩን ጋዜጣ ብቻ አንውቀስ አለ። ያኔ የአዲስ አበባውም የአስመራውም ሬዲዮ አንድ ቃል ብቻ ነበረው፣ ወረራ። እያንዳንዱ የሌላውን ወረራ። ስለ ንግዱ፣ ስለ ወደቡ፣ ስለ ቂሙ የሚናገር ጋዜጠኛ ከሃዲ ነበር። በአገር ውስጥ ሥሩ የተደበቀው በሌላ መንገድ ነው። ምላሽ 15 አመሰገነው። ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች ግን የድሮውን ክስ ይዘው መጡ፣ አወያዩ ወደ ሱዳን ተመለሱ ብሎ አስቆማቸው።

ምላሽ 17። ከእስራኤል የጻፈች እህት ናት። ወላጆቿ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ አጠገብ፣ በኡም ራኩባ መጠለያ ከቆዩ በኋላ ነው በ1984 መጨረሻ የተወሰዱት። በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ዘመድ ቀብረዋል። ኡም ራኩባ በ2020 መጨረሻ ከትግራይ ለሸሹ ሰዎች እንደገና መከፈቱን ስትሰማ እናቷ ቀኑን ሙሉ አልተናገሩም።

ያነሳችው ነጥብ ስለ 77ቱ ረሃብ ነው። በጥቅምት 1984 ከኮረም የተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን አንቀሳቅሷል፣ እህል አስገብቷል፣ ነፍስ አትርፏል። ይህን አትክድም። ግን ዘገባው የተረዳው እንደ ድርቅ፣ እንደ ጥንታዊ መቅሰፍት ሆኖ ነው። በዚያው ጊዜ ትግራይና ሰሜን ወሎ ውስጥ ጦርነት ነበር። ገበያ ይደበደብ ነበር፣ እህል ወደ ዐማፂ ይዞታ እንዳይገባ መንገድ ይዘጋ ነበር። ሰው የራበው በሁለቱም ነው። ጦርነቱ ከታሪኩ ስለወጣ ደርግ ከተጠያቂነት ወጣ። ምላሽ 9 ስለ ዳርፉር ያለችው እኛ ላይ ቀድሞ ደርሷል ብላ ጨረሰች።

ምላሽ 18። ጀርመን ነው ያለው፣ በሱዳንና በሊቢያ በኩል አልፎ የገባ። የአውሮፓ ዜና የኋላ ታሪክ ሲጽፍ አውሮፓን ይረሳል አለ። በኅዳር 2014 ሮም ላይ የተጀመረው የካርቱም ሂደት የሚባለው ከምሥራቅ አፍሪካ የሚመጣውን ስደተኛ ለመቆጣጠር ከአልበሽር መንግሥት ጋር ጭምር የተሠራ ነው። በ2016 ሄሜቲ ራሱ ስደተኞችን የምይዘው ለአውሮፓ ስል ነው ብሎ ምስጋና ጠይቋል። የአውሮፓ ኅብረት ለፈጥኖ ደራሹ ገንዘብ አልሰጠሁም ብሏል። እሱ የሚያውቀው ግን በበረሃው ላይ ፒክአፕ የያዙት ሰዎች ዕውቅና እንዳገኘ ሰው ይኮሩ እንደነበር ነው። ከዚህ በላይ ዝርዝር አልጻፈም፣ ማንም እንዲጽፍ አልጠየቀውም።

ምላሽ 19። ወሬ በቃን፣ እንግዲህ አንቀጹን ጻፉት አለ። አጭርና ተገቢ ነው።

ምላሽ 20። ምላሽ 3፣ የዜና ክፍሉ ሰው፣ ተነስቶ ጻፈው። በኔ ቃል ሲነገር ይህን ይመስላል። በ2021 የሲቪሉን መንግሥት በጋራ የገለበጡት የጦሩና የፈጥኖ ደራሹ መሪዎች በውህደቱ ጉዳይ ተጣልተው በ2023 ወደ ጦርነት ገቡ። ፈጥኖ ደራሹ በዳርፉር ጦርነት በመንግሥት ከታጠቁ ሚሊሻዎች የወጣ ነው። ሁለቱም ወገን ከውጭ መሣሪያ እንደሚያገኙ ይነገራል። ሽግግሩን የጀመሩት ሲቪሎች ከድርድሩ ውጭ ናቸው። እንግዲህ ከድሮዋ አንቀጽ ብዙም አይረዝምም። ሬዲዮ ላይ በአንድ ትንፋሽ ይነበባል።

ምላሽ 21። አስተማሪ ናት። ወደደችው፣ ግን መሬቱ የት ሄደ ብላ ጠየቀች። ምላሽ 7 የነገሩን ሁሉ ወጥቷል። ትክክል ነች። ምላሽ 20 ሲመልስ፣ መሬቱ በየቀኑ ሊገባ አይችልም፣ የዳርፉር ዜና ሲሆን ግን የግድ ይገባል አለ። ይህ ያስማማኛል። አንድ አንቀጽ ለሁሉም ቀን አይሆንም። ኤል ፋሽር የዜናው ቦታ ስትሆን ሃኩራ፣ ፖርት ሱዳን ስትሆን ሌላ።

ምላሽ 22። እናቱ ሱዳናዊት ናት። በመንግሥት ከታጠቁ የሚለው ሐረግ ጦሩን ከታጣቂው ጋር እኩል ያደርገዋል ብሎ ተቃወመ። ዛሬ ቤታቸው ውስጥ የገባውና የዘረፋቸው ፈጥኖ ደራሹ ነው። በመጋቢት 2025 ጦሩ ካርቱምን ሲያስለቅቅ አክስቶቹ እልል ብለዋል። ምላሽ 5 በጣም በለሰለሰ ቃል መለሰችለት። ሁለቱ እኩል ናቸው ያለ የለም፣ እሷም የዘረፏትን ታውቃለች። ማን እንደፈጠራቸው መናገር ግን የዘረፉትን ይቅር ማለት አይደለም አለችው። አልተስማሙም። ግን ተከባብረው ቆሙ።

ምላሽ 23። ወደ ራሳችን ዜና መለሰን። አል ቡርሃን በኅዳር 2023፣ ሄሜቲ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ በሐምሌ 2024 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ፖርት ሱዳን ሲሄዱ፣ በኛ ዜና ያየነው መጨባበጥ ነው አለ። ምዕራብ ጎንደር ውስጥ በኩመርና በአውላላ መጠለያ የነበሩ ሱዳናውያን ግን በግንቦት 2024 ጥቃትና ዝርፊያ አስመርሯቸው ጫካ ወጥተው ሲያድሩ ከአማርኛው ዘገባ ይልቅ የውጩ ይበዛ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት የሱዳን መምህር፣ ሐኪም፣ ጋዜጠኛ ተቀምጧል። ሥሩን ለማወቅ ለንደን መደወል አያስፈልግም፣ ታክሲ ይበቃል አለ። ይህ ምላሽ ብዙ ድጋፍ አግኝቷል፣ የኔንም ጨምሮ።

ምላሽ 24። የዜና ክፍሉ ሰው ይህን ለአርታኢዎች እንደሚያቀርብ ቃል ገባ። ዐረብኛና አማርኛ አጣርቶ የሚችል ሰው ካወቃችሁ በውስጥ መስመር ጻፉለት።

ምላሽ 25። የመጨረሻው እስካሁን ይህ ነው። የመተማ ልጅ ነው። ሁላችሁም ዳርፉር ዳርፉር ትላላችሁ፣ ገዳሪፍን ማንም አላነሳም አለ። እሱና ጓደኞቹ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ድንበር ይሻገሩ ነበር። ማለቂያ የሌለው የማሽን እርሻ፣ ባለቤቱ ካርቱም የተቀመጠ ነጋዴ ወይም ጡረታ የወጣ መኮንን። ከብት አርቢው ማለፊያ አጥቶ በእርሻው ዳር ቆሞ ያዩት ነበር። ይህ እርሻ በ1968 በዓለም ባንክ ብድር በተቋቋመ መንግሥታዊ ድርጅት በኩል መስፋፋቱን፣ በኑባ ተራሮችም ገበሬውን ከመሬቱ እንዳስነሳ ከምላሽ 7 አባት ተጨማሪ ማብራሪያ መጣ።

ለመተማው ልጅ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ያየኸውን ዘርዝረህ ጻፍልን። የቀን ክፍያው ስንት እንደነበር፣ ከብት አርቢዎቹ ሲያልፉ ምን እንደሚደረግ፣ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ እርሻው በማን እጅ እንዳለ። ለብቻው ክር ቢከፍት ይሻላል ብዬዋለሁ። በገዳሪፍ፣ በከሰላ ወይም በሲናር የሠራችሁም እዚያ ተገናኙ።